ስንት ጠብታ ነጭ

እትዬ መርከቧን በሁለት እጇ ይዛ ወደ መስኮቱ ወሰደቻት። ጫማ እንደሚገዛ ሰው ወዲህ ወዲያ አገላብጣ ሆዷን ሳይቀር አየቻት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠቻትና እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ጥቁር ናት» አለች።

«ግራጫ ናት» አልኩ።

«ጥቁር ናት። የኔ መርከብ እንዲህ አልነበረችም።»

ደሜ ፈላ። አራት ወር የለፋሁባት መርከብ ናት። ርዝመቷ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከእውነተኛዋ ሦስት መቶ ሃምሳ ጊዜ ታንሳለች። የእሷ ዓይነት በካርቶን ታሽጎ ስለማይሸጥ ሁሉንም ነገር በእጄ ነው የሠራሁት። ቀፎዋ እንጨት ነው፤ ፎቆቿ ፕላስቲክ፣ የመድፎቿ አፈሙዝ የመርፌ ስባሪ፣ የአጥሯ ሽቦ ከተበላሸ ሬዲዮ የተፈታ ክር። ጭስ ማውጫዋን ሁለት ጊዜ ሠርቼዋለሁ። መጀመሪያ በጋራዥ ልማዴ የመኪና ቲነር ብጠቀም ፕላስቲኩን በላውና እንደ ሽማግሌ አንገት ተጨማደደብኝ። ሌላ ሌላው ላይ ስህተት ሊገኝብኝ ይችላል። ቀለሙ ላይ ግን ማንም አይነካኝም ብዬ አፌን ሞልቼ እናገር ነበር፤ ምክንያቱም የእውነተኛዋ ቀለም ቅራፊ አለችኝ።

እኔና ወንድምጋሼ፣ የእትዬ ባል ማለት ነው፣ አንድ የጦር መርከብ ላይ ነበርን። እሱ ሞተር ክፍል፣ እኔ ቀለም። የመርከብ ቀለም ቀቢ ኑሮው ዝገት ማሳደድ ነው፤ ከአፍንጫዋ ጀምረህ ጭራዋ ላይ ስትደርስ አፍንጫዋ ዝጎ ይጠብቅሃል። ጓዶቻችን እኔን «ብሩሽ» ይሉኝ ነበር። መርከቧን ደግሞ «እሜቴ» ይሏታል፤ መኳኳል አይበቃትም ለማለት ነው። አንድ ቀን ጎኗን ስፍቅ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቅራፊ እጄ ላይ ቀረች። ስምንት ንብርብር ነበረች፤ አምስቱን የቀባሁት እኔ ነኝ። ለምን እንዳስቀመጥኳት አላውቅም፤ ብቻ በክኒን ብልቃጥ ከትቼ ይኸው ሠላሳ ሦስት ዓመት ይዣት ኖርኩ። ለትንሿ እሜቴ ግራጫ ስበጠብጥ ያቺን ቅራፊ አጠገቤ አድርጌ ነው። ጥቁር ላይ ነጭ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ አረንጓዴ በጥርስ መፋቂያ ጫፍ፣ እስኪገጥም ድረስ። ቅራፊዋን መርከቧ ጎን ላይ ብታስቀምጣት የት እንዳለች ዓይንህ አይለያትም።

«እትዬ፣ ቅራፊዋን ላምጣልሽ?»

«ቅራፊህን እዚያው። እኔ መርከቧን አይቻታለሁ።»

«ከሩቅ ነዋ ያየሻት! እኔ ስድስት ዓመት እጄን አስደግፌባታለሁ።»

«እኔ ያየኋት ስትሄድ ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንተ ያን ቀን ተኝተህ ነበር።»

መርከቧን በጫማ ካርቶን ከትቼ ወጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሜቴ ለመጨረሻ ጊዜ ከወደብ ስትወጣ እኔ ትርፍ አንጀቴን ተቀድጄ ከወደቡ በላይ ያለው ሆስፒታል ውስጥ ነበርኩ። እትዬ ያን ዕለት ልብስ ስፌት ፋብሪካው ውስጥ ተረኛ ስለሆነች ልትሸኘው እንደማትመጣ ለወንድምጋሼ ነግራዋለች። ሰዓቱ ሲደርስ ግን አላስቻላትም። ለአለቃዋ ሳትናገር፣ መቀሷን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ሮጣ የወደቡ ግንብ ላይ ስትደርስ መርከቧ ገመድ ፈትታለች። ሌሎቹ ባሕረኞች ጥግ ጥጉን ይዘው እጃቸውን ያውለበልባሉ። እሱን በዓይኗ ከአፍንጫ እስከ ጭራ ፈለገችው። የለም። መርከቧ እስክትጠፋ ድረስ ቆማ ጠበቀችው።

በሦስተኛው ቀን የእሜቴ ሬዲዮ ዝም አለ። ማዕበል ነው ያለም አለ፣ ፈንጂ ነው ያለም አለ። ከመቶ አርባ ሰው አንድ አልተመለሰም።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ያላት ጥያቄ አንድ ነው። ሰው ሁሉ ሲወጣ እሱ ለምን አልወጣም? እኔም ያለኝ መልስ አንድ ነው። «ተረኛ ነበር፣ ሞተር ክፍል።» «አዎ፣ ተረኛ ነበር» ትላለች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ፣ ምንም ሌላ ሥራ እየሠራች ቢሆን፣ «ግን ሁልጊዜ ይወጣ ነበር እኮ» ትላለች።

አሁን ከባሕር ርቀን ነው የምንኖረው፤ እሷ እዚህ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ እኔ ሁለት መንገድ አልፎ ጋራዡ ጀርባ። ቲነር በሸተተኝ ቁጥር ባሕሩ ይናፍቀኛል፤ ሠላሳ ዓመት መኪና ስቀባ በቀን ስንት ጊዜ እንደናፈቀኝ እናንተው አስሉት። የእትዬ ዓይን ደግሞ እየሄደ ነው። የዓይን ግፊት ነው። ዳር ዳሩ ጨልሞ መሀሉ ብቻ ቀርቷታል፤ በቧንቧ አጮልቆ እንደማየት ነው ትላለች። ሐኪሙ፣ «የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ እናቆየዋለን፣ እስከ መቼ እንደሆነ ግን አልዋሽዎትም» አላት። ከሐኪም ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ እጄን ያዘችኝ።

«ብሩሼ፣ ዓይኔ ሳይዘጋ አንዴ ልያት» አለችኝ።

እሱን ፎቶ ላይ ታየዋለች። እሜቴን ግን ፎቶ ማንሳት ክልክል ነበር። ልታያት የምትችለው እኔ ከሠራኋት ብቻ ነው፤ ምን እንደምትመስል የምናውቅ እኔና እሷ ቀርተናል። እንግዲህ ያን ሁሉ ለፍቼ «ጥቁር ናት» ስባል ቅስሜ ቢሰበር አይፈረድብኝም። ሳምንት አኮረፍኩ።

እዚህ ላይ አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። መኪና የለመደ እጅ ቀለም በማንኪያ መለካት አይሆንለትም። ለሠላሳ ሳንቲ መርከብ ሁለት ሊትር ግራጫ በጥብጬ ነበር። መርከቧ የጠጣችው አንድ ሲኒ አይሞላም። የተረፈው ቆርቆሮ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲያፈጥብኝ፣ ከጋራዡ አጠገብ ያለው አናጢ ፒካፑ እንደ ወንፊት ዝጋ ነበርና «አምጣት» አልኩት። የኋላ በሯንና የጭነት ሳጥኗን ግራ ቀኝ በእሜቴ ቀለም ረጨሁለት።

«የጦር መርከብ አደረግካት እኮ!» አለኝ እየዞረ እያያት።

«ብቻ እንዳታሰምጣት» አልኩት። ቀልዴ ተመልሶ ራሴን ወጋኝ።

በነጋታው አናጢው በርና መስኮት ጭኖ ሲወጣ ጋራዡ ደጃፍ ቆሜ ነበር። ከእኛ ደጃፍ መንገዱ ቀጥ ብሎ ይወርድና ድልድዩን ተሻግሮ ፊት ለፊት ያለውን ዳገት ይወጣል። ፒካፗ አጠገቤ ስታልፍ ቀለሟ ያው የማውቀው ነው፤ ጥቁር ለመባል ጥቂት የቀረው። ድልድዩ ላይ ስትደርስ ነጣ አለች። ዳገቱ ወገብ ላይ ስትደርስ ሌላ ሰው የቀባት መሰለች። ጫፉ ላይ ደግሞ የኋላ በሯ ከሰማዩ የሚለየው በጥቂት ነበር። እጄ ላይ የነበረው የብርጭቆ ወረቀት ወደቀ።

የሩቅ ተራራ እንደሚነጣ ሕፃን ልጅ ያውቃል። በመሀል ያለው አየር ቀለሙን ያቀጥነዋል፤ በቃ፣ ቲነር ነው። ሞዴል ደግሞ ምንጊዜም ከሩቅ የምትታይ መርከብ ናት። ክንድህን ዘርግተህ ስትይዛት ትልቋን ከሁለት መቶ ሜትር እንዳየሃት ነው። እኔ ሁለት መቶ ሜትር ርቃ የቆመች መርከብ ላይ አፍንጫዬ ስር የማውቀውን ቀለም ለቅልቄባታለሁ። ቅራፊዋም ልክ ናት፣ እትዬም ልክ ናት፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ሠላሳ ዓመት ቀለም የበጠበጠ ሰው ይህ እንዴት ጠፋው? እውነቱን ልናገርና፣ አልጠፋኝም። ላስበው አልፈለግሁም ነበር። እሜቴን እየራቀች ስትሄድ ያየኋት በዕድሜዬ አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን ደግሞ ተኝቼ አልነበረም።

ነርሷ ከአልጋ እንዳትወርድ ብላኝ ነበር። የመርከቧን ጡሩምባ ስሰማ ግን ስፌቴን በመዳፌ ደግፌ መስኮቱ ጋ ደረስኩ። መርከብ ከዚያ ወደብ ሲወጣ ግንቡ በግራው፣ የሆስፒታሉ ኮረብታ በቀኙ ይሆናል። ወንድምጋሼ በቀኝ በኩል፣ አጥሩ ላይ ቆሟል። ቢጫ ካናቴራውን አውልቆ ወደ ሆስፒታሉ ያውለበልባል። ሚስቴ ሥራ ላይ ናት፣ የሚሸኘኝ ታማሚው ወንድሜ ብቻ ነው ብሎ ነዋ። አንዴም ወደ ግራ አልዞረም። እኔም እጄን በመስኮቱ አወጣሁ፤ ይየኝ አይየኝ አላውቅም። ቢጫዋ እስክትጠፋ ድረስ አየሁት።

እትዬ ግንቡ ላይ ቆማ ስትፈልገው እሱ ጀርባውን ሰጥቷት ነበር ማለት ነው። በለቅሶው መሀል «ለምን አልወጣም?» ስትለኝ አፌ ላይ የመጣው «ተረኛ ነበር» ነው። «አንተስ አላየኸውም?» ስትለኝ፣ «ተኝቼ ነበር» አልኩ። ወጥቶ ነበር፣ ጀርባው ላንቺ ፊቱ ለኔ ነበር ብዬ በምን አፌ ልንገራት? የእሷን ስንብት እኔ ወስጄባታለሁ። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ይነቅዛል። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሲነቅዝብኝ ነው የኖረው።

በማግሥቱ ጠዋት አሥራ ሁለት የፕላስቲክ ማንኪያ፣ አንድ ብልቃጥ ነጭ፣ የእሜቴን ግራጫ፣ ፕላስቲክ የማይበላውን ለስላሳ ቲነር፣ እንደ እስክሪብቶ የምትያዘውን ትንሿን መርጫ፣ የብልቃጥና የመርፌ ሣጥኔን፣ እሜቴንም በካርቶኗ ይዤ እትዬ ቤት ሄድኩ።

«ድግስ አለብህ እንዴ?» አለች ማንኪያዎቹን አይታ።

ታረቅን ማለት ነው። እትዬ ይቅርታ የምታደርገው በነገር ነው።

ስለ ፒካፗ ነገርኳት። ዳገቱ ጫፍ ላይ ስደርስ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ ሳብኩት፤ ቀለም በአምፖል አይፈረድም።

«አንድ ጠብታ ነጭ እጨምራለሁ» አልኳት። «ማንኪያ እቀባለሁ። ክንድሽን ዘርግተሽ ታይውና መርከቧ የት እንደደረሰች ትነግሪኛለሽ። ልታያት የምትፈልጊው ቦታ ስትደርስ አቁም በይኝ።»

ቀለሙን ብርጭቆ ውስጥ በቲነር ወተት እስኪመስል አቀጠንኩት። ከወፈረ የእሜቴን መስኮትና መሰላል ይደፍነዋል፤ ከቀጠነ እንደ እንባ ይወርዳል። በብሩሽ የብርጭቆውን ግድግዳ ስትነካው ፈሶ ፈሶ ስስ ሽፋን ከተወ፣ ደርሷል። እርጥብና ደረቅ ቀለም ደግሞ አንድ ስላልሆነ እያንዳንዱን ማንኪያ በእትዬ የፀጉር ማድረቂያ አደርቃለሁ።

የመጀመሪያውን ማንኪያ ይዛ ዓይኗ መሀል እስኪገባላት ወዲህ ወዲያ አለችው።

«ገና አልተነሳችም። ገመዷ አልተፈታም።»

ሁለተኛ ጠብታ። «ተነሳች መሰለኝ።»

አራተኛው ላይ፣ «ግንቡ አጠገብ ናት። የሰዉ ፊት ይለያል፤ ያ ቀጫጫው ምግብ አብሳይ አለ፣ አየሁት» አለች። ስድስተኛው ላይ፣ «የመብራቱ ማማ ጋ ደርሳለች» አለች። ከዚያ በኋላ ቀልድ ቀረ። እኔ ጠብታ እጨምራለሁ፣ መርከቧ ትሄዳለች። የምሰዳት እኔ ነኝ።

ስምንት። «ማማውን አለፈች።»

ዘጠኝ። «ቀስ በል፣ ብሩሼ። ቀስ።»

አሥረኛውን ማንኪያ ክንዷን ዘርግታ ይዛ ብዙ ቆየች። ከመስኮቱ ውጭ ያለው ሰማይና ማንኪያው አንድ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም።

«በቃ። እዚህ ጋ አቁማት» አለች። «አንድ ብትጨምር የለችም።»

«እዚህ ጋ ምን አለ?»

«እስከዚህ ድረስ አሁን ይወጣል፣ አሁን ይወጣል እያልኩ ነበር። ከዚህ በኋላ ነው ተስፋ የቆረጥኩት።»

በረንዳው ላይ እሜቴን በአሥር ጠብታዋ ግራጫ ረጨኋት። ሦስት ስስ ዙር፤ በየዙሩ መሀል ሻይ ጠጣን። ከሰዓት በኋላ ደርቃ ወደ ክፍሉ አስገባኋትና ክንዷን እንድትዘረጋ አድርጌ መዳፏ ላይ አኖርኩላት፤ የግራ ጎኗ ወደ እሷ።

እትዬ አፏን በሌላ እጇ ያዘች።

«እሷ ናት» አለች። «እሷው ናት። የኔ መርከብ!» እንባዋ እንደ ጉድ ወረደ፤ መርከቧን የያዘው ክንዷ ግን ንቅንቅ አላለም። እኔም አለቀስኩ። ሥራዬ ስላማረ ነው ብል ማን ያምነኛል? መርከቧ ናፈቀችኝ፣ ወንድሜ ናፈቀኝ፤ ዝገት እንኳ ሳይቀር ናፈቀኝ።

ከዚያ የምጠብቀው መጣ።

«ግን ለምን አልወጣም?»

«ተረኛ ነበር» ምላሴ ላይ ነበረች። ሠላሳ ሦስት ዓመት የሄደችበትን መንገድ ታውቀዋለች። ግን አሁን ያየቻት መርከብ ውሸት የሌለባት መርከብ ነበረች፤ እያንዳንዷን ጠብታ ቆጥረን ያቆምናት። ያቺን መርከብ በእጇ ይዛ ልዋሻት አልቻልኩም።

«እትዬ፣ ወጥቶ ነበር።»

ዞራ አላየችኝም።

«አልተኛሁም ነበር። ከሆስፒታሉ መስኮት አይቼዋለሁ። በዚያኛው ጎን ነበር የቆመው፣ ወደኔ። አንቺ ሥራ ላይ ነሽ ብሎ ነው። መምጣትሽን አላወቀም። ቢያውቅ…»

መርከቧን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት። ከተደረደሩት ማንኪያዎች አንዱን አነሳችና ትከሻዬን መታችኝ። «ሠላሳ ሦስት ዓመት!» ደገመችኝ። «ሠላሳ ሦስት ዓመት፣ አንተ!» የፕላስቲክ ማንኪያ አያምም። እኔን ግን አመመኝ። ውጣ ከቤቴ እስክትለኝ ጠበቅሁ።

«ምን ለብሶ ነበር?» አለች።

«እ?»

«ወንድምህ። ምን ለብሶ ነበር?»

«ካናቴራውን አውልቆ ያውለበልብ ነበር። ቢጫዋን።»

«ብብቷ የተቀደደችዋን?»

«ከዚያ ርቀት ብብት አይታይም፣ እትዬ።»

«ጣላት ብዬው ነበር እኮ» አለች። ከለቅሶዋ መሀል ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ መልሶ ለቅሶ ሆነ። ፊቷን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች፤ ከዚያ ወደ ብልቃጦቼ ጠቆመች። «ቢጫ ይዘሃል?»

ለመልሕቅ ሰንሰለቱ ምልክት የያዝኳት ጥቂት ቢጫ ነበረችኝ። ማንኪያ ላይ ጠብ አደረግኳት፣ በቲነር ነካ አድርጌ አቀጠንኳት፣ መርፌዬን አነሳሁ።

«ቆይ» አለች እትዬ። «ነጭ ጨምርባት። እሱም እኮ ሩቅ ነው።»

ነጭ ጨመርኩባት። በመርፌዋ ጫፍ፣ ከቁንጫ የምታንስ ነጥብ፣ በቀኙ አጥር ላይ፣ ከጭስ ማውጫው ጀርባ፣ እሱ የቆመበት ቦታ ላይ አኖርኳት። በማድረቂያው አደረቅኳት።

እትዬ እሜቴን ተቀበለችኝ። ወደ መስኮቱ ሄዳ አዞረቻት፤ በሕይወቷ አይታው በማታውቀው በቀኝ ጎኗ በኩል። ክንዷን ዘረጋች። በዚያች በቀረቻት ጠባብ ቀዳዳ ከመርከቧ አፍንጫ ጀምራ፣ በመድፎቹ አልፋ፣ በመሰላሉ አልፋ፣ ቀስ እያለች ፈለገችው። ጭስ ማውጫው ጀርባ ስትደርስ ክንዷ ቆመ።

«ወጥቷል» አለች።